ለገና የተቆፈረ ነጭ አፈር

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን፤ አንድም ሳላስቀር አንድ በአንድ ልቁጠር። የመጀመሪያዋ እናቴ ጥሩነሽ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ግን አንድ ነገር ልቧ ውስጥ ከገባ በሬ ጎትቶ የማያወጣው ሴት። ሁለተኛው አባቴ በራሶ ነው፤ ዱመርሶ ባለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጥበቃ የነበረ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ፣ ከእጁ ዕቃ፣ ከአፉም ትርፍ ቃል ወድቆ የማያውቅ ሰው። ሦስተኛዋ ታላቅ እህቴ ማርታ ናት፤ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ በቤታችን ጮክ ብላ የምትስቀው እሷ ብቻ። አራተኛዋ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፤ ከሸዋ መጥታ ዲላ ላይ ሱቅ የከፈተች፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የፈጠነ እጇ ግን የተፈታ ሴት። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ስለ እኔ የሚባለው ከታች ይመጣል፤ ቀድሜ ራሴን ላሳምር አልፈልግም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የጀሶ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ገና ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ የምሠራበት ቤት መብራት ስለጠፋ የአናጺነት ዕቃዬን ሰብስቤ ከወትሮዬ ሦስት ሰዓት ቀድሜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሩን ስከፍት የራሰ ጀሶ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ቀዝቃዛ፣ ትንሽ መሬት መሬት የሚል፣ ዝናብ የነካው ገደል ሽታ። ባለቤቴ ወርቅነሽ የጓዳው በር ላይ ተገትራ ቆመች፤ ከትከሻዋ በላይ ልጄን ምሕረትን አየኋት፤ ሁለት እጇን ከኋላዋ ደብቃለች፤ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ አለ፤ ከአልጋው ሥር ደግሞ በቀይና በአረንጓዴ ወረቀት የተቀጣጠለ ሰንሰለት ጅራቱን አውጥቷል።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኩ።

«ምንም፣ አባዬ።»

«እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«አላውቅም» አለች።

አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት፣ በክፍሏ የምትመሰገን ልጅ፣ የገዛ እጇ ላይ ያለውን አላውቅም አለች። ስለ ብክነት፣ ስለ ታይታ፣ በግድግዳ ላይ ስለሚንጠለጠልና በልብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነገር ሁልጊዜ የምናገረው ንግግር ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያ ሽታ ግን ንግግሩን ከምላሴ ላይ መለሰው። ወጥቼ ጓሮ ካስቀመጥኩት ጣውላ ላይ ተቀመጥኩ፤ እነሱም መቆጣት እንደጀመርኩ ቆጥረው ነው መሰለኝ ውስጥ ጸጥ አሉ። በቤቴ ጸጥታ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሥርዓት ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። በዚያች ቀን ግን ጸጥታውን አወቅኩት። የት እንደሰማሁትም አወቅኩ።

የተወለድኩበት ቤት ከዲላ ወደ ቡሌ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ከተማው አልቆ እንሰቱ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ ነበር። የጭቃ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለእሳቱና ለዕቃው፤ ጭሱ ግን ግድግዳ ስለማይለይ ሁለቱንም እኩል ያጠቁራቸው ነበር። ከሩቅ ሲታይ እንሰቱ መሃል የተደበቀ ቤት ነው፤ ሲገቡበት የከሰል ጆንያ ውስጥ የገቡ ይመስላል። እናቴ በዓመት አንድ ጊዜ በአመድና በእበት ትለቀልቀዋለች፤ ከዚያ በላይ ማስዋብ የሚባል ነገር በአባቴ ዘንድ ቦታ አልነበረውም። እሱ ወንጌልን የተቀበለው ጎልማሳ ሆኖ ነው፤ ለበዓል ቤት መቀባት፣ ቅጠል መበተን፣ ደጃፍ ላይ ነገር ማንጠልጠል ሁሉ የተወው አምልኮ ጅራት ሆኖ ይታየው ነበር። በዚህ ላይ አልፈርድበትም። ያመነውን የሚኖር ሰው ነበር፤ እንደዚህ ያለ ሰው ዛሬም ብዙ አላይም።

ከእኛ ዝቅ ብሎ የእትዬ አስካለ ቤት አለ። በልጅ ዓይኔ ያ ቤት ከእኛው ፀሐይ ሌላ ፀሐይ ያለው ይመስለኝ ነበር። ግድግዳው በነጭ አፈር የተቀባ፣ ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል ሰማያዊ የተሰመረበት፤ ለገና የጽድ ቅርንጫፍ በቆርቆሮ ተክላ ጥጥ ትበትንበታለች። ማርታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ ሳትገባ አታልፍም፤ እትዬ አስካለም ከሱቋ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት እያለሰለሰች ታጠራቅምላት ነበር። ማርታ ከእሱ ኮከብ ትቆርጣለች። ሲጋራ ስሙ በማይጠራበት ቤት፣ ከፍራሿ ሥር አሥራ ሰባት የቤተልሔም ኮከብ ደብቃ ትተኛ ነበር፤ አንዱን አሸትታኝ አውቃለሁ፤ ትንባሆ ትንባሆ ይላል።

የሰፈራችን ምእመናን የገናን ዋዜማ ጸሎት በየዓመቱ ከቤት ወደ ቤት እያዞሩ ያደርጉት ነበር፤ ዘማሪዎቹም ሽማግሌዎቹም እዚያው ይሰበሰባሉ። በዚያ ዓመት ተራው የእኛ ሆነ። አባቴ ቅዳሜ ከዱመርሶ እንደመጣ ሲነግረን፣ እናቴ ከእሳቱ ፊት ቀና ብላ ግድግዳውን ዞራ አየችው። አሁንም ድረስ የሚታየኝ ያ አስተያየቷ ነው፤ ልብሱ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ሰው መሃል የነገሩት ሰው ይመስል ነበር።

«ግድግዳው ጠቁሯል» አለች።

«ሰዎቹ ሊጸልዩ ነው ወይስ ግድግዳ ሊመረምሩ የሚመጡት?»

«ዓይናቸውን እስኪጨፍኑ ድረስ ያዩታል።»

«ጌታ የተወለደው በረት ውስጥ ነው፣ ጥሩነሽ። በረቱን የቀባ ሰው አለ?»

ማርታ ቆጮ እየቆራረሰች ሳለ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ «ማርያም እንግዳ እንደሚመጣባት ቀድሞ አልተነገራትማ» አለች።

እኔ ልስቅ ነበር። አባቴ ሲያያት ግን ሳቁ እንደ ትኩስ ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አልመታትም፤ አባቴ አይመታም ነበር። ዝም ብሎ ነው የሚያየው። ከዚያ «በዚህ ቤት አፈር የሚቀባ አይኖርም» አለና መጽሐፉን ገለጠ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ። ማለትም እሱ ፊት አለቀ።

ነጭ አፈር የሚወጣው ከቤታችን በላይ፣ ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ከሚያስኬድ ገደል ሥር ነው። ለዓመታት ሴቶች ሲቆፍሩት ገደሉ ሥሩ ተበልቶ ዋሻ ሆኗል፤ ጥሩው፣ ዱቄት የመሰለው አፈር ያለው ከውስጥ ነው፤ ከፊት ያለው ቢጫ ቢጫ ይላል። ለዚህ ሥራ ሴቶቹ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። አምስት ስድስት ሆነው ነው የሚወጡት፤ አንዷ ዶማ አትነካም፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ሆና መሬቱን ብቻ ትመለከታለች። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካየች «ውጡ!» ትላለች፤ ያን ጊዜ ዶማ ይሁን ጆንያ ሁሉም ተጥሎ ይሮጣል። ሲጨርሱ ለተመልካቿ ከየድርሻቸው እየዘገኑ ያካፍሏታል፤ ዓይኗ እንደ ክንድ ይቆጠራል ማለት ነው። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ሦስት ቀን ሳይደርቅ ማንም አይገባም።

እናቴ ይህን ሕግ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ነገር ግን ከሴቶቹ ጋር ከወጣች ወሬው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አባቴን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማንም በማይወጣበት ቀን መውጣት ነበረባት፤ ማንም የማይወጣውም ዝናብ ስለዘነበ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ በታኅሣሥ ያልተለመደ ዝናብ ጣለ፤ ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ሲጠራ፣ እናቴና ማርታ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ጠቅልለው፣ ዶማውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ። አባቴ ከዱመርሶ የሚመጣው ቅዳሜ ስለሆነ ሁለት ቀን ሙሉ አለን፤ ግድግዳው ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ምን ያደርጋል? ይቆጣል፣ ይጸልያል፣ ይለምደዋል። የእናቴ ስሌት ይኸው ነበር፤ መጥፎ ስሌትም አልነበረም።

ስትወጣ በሩ ላይ አገጬን ይዛ፣ «ሰው ቢጠይቅህ አላውቅም በል» አለችኝ። ይህን ቃል በቃል አስታውሱልኝ። አላውቅም በል ነው ያለችኝ፤ ሌላ አላለችም።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ አባቴ መጣ። የለቀማው ወቅት ሊያልቅ ስለሆነ ለጥበቃዎቹ በተራ እረፍት ተሰጥቷቸው ነበር። ከመንገዱ ሲታጠፍ አየሁት። ኮቱን ሰቀለ፣ ዱላውን በቦታው አስቀመጠ፣ ቤቱን ዞር ብሎ አየ።

«እናትህ የት ናት?»

በአባቴ ቤት «አላውቅም» የሚባል መልስ አልነበረም። አላውቅም ያለ ልጅ ሄዶ ጠይቆ አውቆ ይመለሳል፤ ያሳደገን እንደዚያ ነው። ስለዚህ እናቴ የሰጠችኝ ቃል በእሱ ፊት የማይሠራ ገንዘብ መሰለኝ። ከራሴ አወጣሁ።

«ቡሌ ገበያ ሄዱ» አልኩት።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ሐሙስ ቡሌ ገበያ ይኑር አይኑር እንኳን አላሰብኩም። እሱ ግን አላጣራም፤ ምክንያቱም አንድም ቀን ዋሽቼው አላውቅም ነበር። ጥሩ ስም ያለው ውሸታም ከማንም ይከፋል፤ ይህን የምላችሁ ከራሴ ነው። እግሩን ታጠበ። ቆጮና ጎመን አቀረብኩለት፤ ቀስ ብሎ፣ እያመሰገነ በላ። የትምህርት ቤት ደብተሬን አምጣ አለኝና የሒሳብ ሥራዬን አንድ በአንድ አየ፤ አንዱን ስህተት አሳየኝ፤ ተቀምጬ ደግሜ ሠራሁት። ከመጣ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ሁሉ የማስበው እነሱ በነጭ አፈር ተለውሰው በር ላይ ብቅ ሲሉ ምን እንደሚሆን ነበር። የፈራሁት ቁጣን ነው። ከቁጣ የሚብስ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ኖሮ አባቴ እግሩን ሳይታጠብ፣ በንዴት እየነደደ ያን ዳገት ይወጣ ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ እነሱም ወጥተው አንገታቸውን ደፍተው ይሰደባሉ። ማርታ አልቅሳ ታድራለች። ያ ብቻ ነበር የሚሆነው።

ጩኸቱ የመጣው የሒሳቡን መልስ ሳሰምርበት ነው። እንጨት ተሸክሞ የሚወርድ ሰው ሸክሙን መንገድ ላይ ጥሎ «ነጭ አፈሩ ተናደ! ሰው አለበት! ሰው!» እያለ ወደ ታች ሮጠ።

አባቴ ተነሣ። አካፋውን ከጥግ አነሣና ወደ እኔ ዞረ።

«የእኛዎቹ ቡሌ ናቸው» አለ። ጥያቄ አልነበረም፤ ማመስገን ነበር።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

እሱም የራሱ ሰዎች ደኅና እንደሆኑ ያወቀ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ወደ ላይ አልሮጠም፤ ወደ ታች፣ ወደ እትዬ አስካለ ቤት ወረደ፤ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት፣ ምናልባት የእሷ ልጅ ትሆን ብሎ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ከኋላው ሆኜ ጀርባውን እያየሁ ወረድኩ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ መናገር እችል ነበር።

እትዬ አስካለ ከሱቋ ባንኮኒ ጀርባ ስኳር እየመዘነች ነበር።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ልጅሽ ቤት ናት? ነጭ አፈሩ ተንዷል ይላሉ።»

ስኳሩ ከእጇ ወደቀ። «የእኔዋማ እዚሁ ናት!» አለች። «አንተ ሰው፣ እዚህ ምን ትሠራለህ? ያንተዎቹ ናቸው እኮ! ጥሩነሽና ማርታ ናቸው! ጠዋት በዚህ ነው ያለፉት፤ ቀስ በሉ፣ ርሷል ብያቸው ነበር!»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ስለዚያ አስተያየት ብዙ ጊዜ ልጽፍ ሞክሬ ቀድጄዋለሁ። ቁጣ አልነበረበትም። የሚያውቀውን በር ከፍቶ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ የገባ ይመስል ነበር። ከዚያ ሮጠ፤ አባቴን ሲሮጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እናቴ አንዱን ማዳበሪያ ሞልታ ወደ መንገዱ ይዛ በወጣችበት ቅጽበት ነው የዋሻው ጣሪያ የወረደው። ስንደርስ ተንበርክካ በእጇ ትቆፍር ነበር፤ ጥፍሮቿ ተነቅለዋል፤ ፊቷ በነጭ አፈር ተሸፍኖ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ማርታ እስከ ደረቷ ተቀብራለች። አፏ ነጭ ነው። አባቷን ስታይ የመጀመሪያው ቃሏ «አባዬ፣ ይቅርታ» ነበር። በሕይወት ያለች ልጅ፣ ገደል ላይዋ ላይ ወድቆ፣ አባቷን ስታይ ድረስልኝ አላለችም፤ ይቅርታ ነው ያለችው። ሌሎች ሰዎች እስኪደርሱ አባቴ በአካፋ መምታት ፈርቶ በእጁ ዛቀ፤ ከላይ አሁንም አፈር እየተሸረፈ ይወርዳል፤ አንድ ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ «በራሶ ውጣ! ይጨመራል!» ይለዋል፤ እሱ አይሰማም። ግራ እግሯ ከቋጥኝ ሥር ነበር። ሲያወጧት የእግሯ አኳኋን እንደ ሰው እግር አልነበረም። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሆስፒታል ወሰዷት።

ካደግኩ በኋላ ያን መንገድ ሰዓት ይዤ ሄጄበታለሁ። ከቤታችን እስከ ገደሉ ሲሮጡ ሰባት ደቂቃ ነው። ወደ እትዬ አስካለ ወርዶ ለመመለስ ስድስት ይጨመራል። እነዚህ ስድስት ደቂቃዎች የማርታን ጉልበት ያተርፉ ነበር ወይ? አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም የለም። ከእነሱ በፊት የነበረውን አንድ ሰዓት ግን አውቀዋለሁ።

የዋዜማው ጸሎት ወደ ሌላ ቤት ዞረ። እናቴ ሆስፒታል ከማርታ ጋር አደረች። እኔና አባቴ ብቻችንን ቀረን። በገና ዋዜማ ጠዋት አባቴ ወደ ገደሉ ወጥቶ እናቴ መንገድ ላይ የጣለችውን ማዳበሪያ በትከሻው ይዞት ወረደ። በባልዲ ውኃ ጨመረበት፤ አሮጌ ሸሚዙን ቀደደና ግድግዳውን መቀባት ጀመረ። እኔ ባልዲውን ያዝኩለት። ነጭ አፈር በስሱ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተደረበ፣ እየደረቀ ነው የሚቀባው፤ ይህን ማንኛዋም የሰፈሩ ሴት ልጅ ታውቀዋለች። አባቴ ግን እንደ ጭቃ ምርጊት ነው የለጠፈው። ለማን ብሎ እንደሚቀባ አልነገረኝም፤ ግማሹን ግድግዳ ጨረሰ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣

«እኔን ፈርተው ነው» አለ።

ባልዲውን ወደ እሱ አቀረብኩ።

«ቡሌ ያልከኝ ከየት አምጥተህ ነው?»

እውነቱ እዚያው ነበር፤ በባልዲው ውስጥ እንዳለው አፈር በእጄ ልነካው እችል ነበር። አባቴ በሕይወቱ አንዴ ተሰብሮ፣ ራሱን ወቅሶ፣ ከእኔም አንድ ቃል ብቻ ፈልጎ ነበር።

«እማዬ እንደዚያ በል ብላኝ ነው» አልኩት።

እጁ ግድግዳው ላይ ቆመ። «እሺ» አለና መቀባቱን ቀጠለ።

እናቴን የጠየቃት ከበዓሉ በኋላ፣ ማርታን ወደ ቤት ባመጣንበት ሳምንት ነው። እኔ በር ላይ ነበርኩ። «ልጁን ቡሌ ገበያ ሄዱ በል ያልሽው አንቺ ነሽ?» አላት። እናቴ ከእሱ ትከሻ በላይ ወደ እኔ ተመለከተች። ረጅም ጊዜ አልነበረም፤ አንድ ትንፋሽ ነው። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

ማርታ ግን ማርታ ናት። ቃሬዛው ገና መሬት ሳይነካ፣ ደርቆ እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀውን፣ በየቦታው የተላጠውን ግድግዳ ዞራ አየችና፣ «አባዬ፣ ግድግዳ ነው የቀባኸው ወይስ ቆጮ ነው የጋገርከው?» አለችው። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ፈገግ ብሎ ወጣ። ከእንሰቱ መሃል ብዙ ቆይቶ ነው የተመለሰው።

የሰፈሩ ሰዎች በዚያ ነገር ላይ የሰጡት ትርጓሜ ቀላል ነበር፦ ታይታ ይህን ያመጣል። እኔም ተቀበልኩት፤ ምክንያቱም ያ ትርጓሜ እኔን አይነካም። የልጅቷን እግር የሰበረው ግድግዳ የማሳመር ፍላጎት ከሆነ፣ ሦስት ቃል የዋሸው ልጅ ንጹሕ ነው። በዚህ ላይ ነው ያደግኩት፤ በዚህ ላይ ነው ቤቴን የሠራሁት። ልጄ ፊኛ ስትጠይቀኝ፣ ባለቤቴ መጋረጃ ሲያምራት፣ የእህቴን እግር እያስታወስኩ እከለክል ነበር፤ ጠንካራ ነኝ እያልኩ። የማርታ እግር ላይ የወደቀው ውበት አልነበረም። በአደባባይ መሠራት ሲገባው በድብቅ የተሠራ ሥራ ነው፤ አፋፉ ላይ ተቀምጦ «ውጡ!» የሚል ሰው ያልነበረው። ያን ሰው ያስቀረው የአባቴ ፊት ነው፤ አባቴን እቤት ያስቀረው ደግሞ የእኔ አፍ።

እናቴ ከመሞቷ በፊት በነበረው ዓመት ነገርኳት። ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። አላስጨረሰችኝም። «ልጄ፣ ውሸቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ጨረስከው» አለች። «አባትህ ልጄ ዋሸኝ ከሚል ሚስቴ ዋሸችኝ ቢል ይሻላል ብዬ ነው። ሚስት ትለመዳለች።»

እንግዲህ የወጣውን ዋጋ ልናገር። ማርታ ጉልበቷ ዳግመኛ አልታጠፈም፤ ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ስለነበር ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ዛሬ ዲላ ውስጥ በእጅ በምትዞር መኪና ልብስ ትሰፋለች፤ አስተማሪ መሆን ትፈልግ ነበር። እኔም ለሕክምናው ቤቱ ሲጎዳ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ጣውላ መሸከም ጀመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ብቻዬን ነው። እትዬ አስካለ እውነቱን ስለተናገረች ጎረቤት አጣች፤ «ሚስቴ የደበቀችኝን ታውቅ ነበር» ብሎ አባቴ ደጇን እንዳንረግጥ ከለከለን፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሱቋን ዘግታ ወደ መናኸሪያው ሰፈር ሄደች። አባቴ ቤተሰቡ በሞት አፍ ውስጥ ሆኖ እንኳን እሱን እንደሚፈራ አወቀ፤ ይህን ካወቀ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ። እናቴን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን «የት ነበርሽ?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ጎረቤቶቿ ነጻነት መስሏቸው ይቀኑባት ነበር። እሷ ግን የማይጠይቃት መልሷን ስለማያምን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት አንዴ እንዲጠይቃት ጠበቀች።

ያን ጊዜ ያልተወለዱ ሁለት ሰዎችም ከፍለዋል። ወርቅነሽ በራሷ ቤት በር ላይ ዘብ ትቆማለች። ምሕረት ደግሞ ብዙ ትስቃለች፤ ሳቋ ደስ ይላል፤ የማርታን ይመስላል። እኔ ግን ልጄ ስትስቅ የሰማሁት ሁልጊዜ ከግድግዳ ወዲያ ሆና ነው።